የሩብ ሰዓት ውሃ

ካለፉት ሳምንታት ጀምሮ አብራችሁኝ ላላችሁ ድግግሞሽ ይሆንባችኋል፤ ዛሬ ለመጣ ግን ይህን ያህል ማወቅ ይበቃዋል። ባለቤቴ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል። እሱም እኔም የድንጋይ ተመራማሪዎች ነበርን። የመጨረሻ ጉዞውን ያደረገው ዝናብ ወደማያውቀው የእሳተ ገሞራ ሜዳ ነው፤ ከዚያ ያመጣቸውን አርባ ጥቁር ድንጋዮች እስካሁን እናጠናለን። በዩኒቨርሲቲው ምድር ቤት ድንጋዮቹን የሚቆርጥልን አንድ ሰው አለ፤ ተማሪዎቹ «ጭምቱ» ይሉታል። እኔ ይህን ሰው እወደዋለሁ። ለእሱ ቀርቶ ለራሴም ጮክ ብዬ ተናግሬው አላውቅም። ከሁለት ወር በፊት ደግሞ በኔ ጥፋት ከሥራው ታገደ።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የምርምር ክፍሉ ኃላፊ የሆኑት ፕሮፌሰር ሁላችንንም ወደ ስብሰባ ክፍል ጠሩን። ክፍሉ በስድስት ሰው ይሞላል። የጠረጴዛው አንድ እግር አጭር ስለሆነ ከሥሩ የታጠፈ ወረቀት ተሸጉጧል፤ ያም ሆኖ ሰው ክንዱን ባስደገፈ ቁጥር የሁላችንም የሻይ ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል።

«ሰውዬው ጽፏል» አሉ ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን እያጸዱ። «ረቡዕ የምርመራ ኮሚቴው ሳይቀመጥ በገዛ እጁ ጽፎ ላከልን። ተገላገልን።»

«ማን? ጭምቱ?» አለች አብራን የምትሠራው የኬሚስትሪ ባለሙያ። ምላሷ ማረፍ አያውቅም። «እኔ በአምስት ዓመት ከአፉ የሰማሁት ‹በሩን ዝጉት፣ አቧራ ይገባል› የሚለውን ብቻ ነው። ደብዳቤ ሙሉ ጻፈ? እንዴት ቢጨንቀው ነው!»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ከንፈሬን እንደነሱ አደረግኩ። ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው አነበቡት።

«‹ቁጥር አሥራ ሰባት የተባለውን ድንጋይ በዘይት መጋዝ መቁረጥ ሲገባኝ በውሃ መጋዝ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። በዚያን ቀን የዘይቱ መጋዝ ተበላሽቶ ስለነበር ቸኩዬ ነው። ማንም አላዘዘኝም፤ ማንም አላየኝም። የተበላሸው ይህ አንድ ድንጋይ ብቻ ነው። ሌሎቹ ሠላሳ ዘጠኙ ውሃ አልነካቸውም። ረቡዕ መጥቼ እፈርማለሁ።› ይኸው ነው። ሰው ጥፋቱን ሲያምን ደስ ይላል።»

ነገሩ ለምን እንዲህ እንደከበደ ላስረዳ። ማርስ ዛሬ ደረቅ ናት። ላይዋ የሚዞሩት ባለጎማ ሮቦቶች በላኳቸው ፎቶዎች ላይ ግን በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ነጭ የጨው መስመር ይታያል። ጨው ስንጥቅ ውስጥ የሚቀረው ውሃ ገብቶ ሲደርቅ ነው። ውሃው ቶሎ ከደረቀ የጨው ፍሬው ደቃቅ ይሆናል፤ ቀስ ብሎ ከደረቀ ይተልቃል። በጣም ከቆየ ደግሞ ድንጋዩ ራሱ ያረጃል፤ ውስጡ ያለው አረንጓዴ ማዕድን ይዝግና ወደ ሸክላነት ይለወጣል። ሕይወት ጊዜ ይፈልጋል፤ ሄዶ የሚመለስ ጠብታ አይበቃውም። ስለዚህ የኛ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ውሃው ምን ያህል ቆየ? ማርስ ድረስ ሄደን መጠየቅ ስለማንችል፣ ምድር ላይ እንደ ማርስ የደረቀ ቦታ ፈልገን፣ ድንጋዩን ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ስስ አድርገን ቆርጠን፣ በማይክሮስኮፕ እናነበዋለን። የሚቆረጠውም በዘይት ነው። ውሃ ከነካው ጨዉ ሟሙቶ እንደገና ይቀመጣል፤ ድንጋዩ ያላየውን ዘመን ያወራል።

ቁጥር አሥራ ሰባት ውስጥ ያገኘነው ጨው ትልልቅ ነበር። ዝናብ በሌለበት ሜዳ ውሃ ለወራት ተደብቆ ቆይቷል ማለት ነው አልን። ማርስም ላይ እንዲሁ ሊሆን ይችላል አልን። ጽሑፋችን ታተመ፤ የባለቤቴ ስም ከሁላችንም በፊት ተቀመጠ። ከዚያ፣ የዚያው ድንጋይ ግማሽ በቀጥታ ከሜዳው የተላከለት ሌላ ላብራቶሪ ጻፈልን። በእነሱ ግማሽ ውስጥ ያለው ጨው እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው። የእናንተን ግማሽ ውሃ ነክቶታል አሉ። ጥርጣሬው ድንጋዩን በቆረጠው በጭምቱ ላይ ወደቀ።

ለወራት ቆየ ያልነው ውሃ የኔ ውሃ ነበር። ሩብ ሰዓት ነው የቆየው፣ በወለል ማጠቢያ ባልዲ ውስጥ።

የኛ ሙያ ሰዎች ድንጋይ ስናይ ማርጠብ እንወዳለን። ድንጋይ ሲደርቅ ፊቱ አመድ ነው፤ ሲረጥብ ቀለሙ ይወጣል። ባለቤቴ ሁሌም እንዲህ ነበር የሚያሳየኝ፤ ውሃ ካጣ በምላሱ ያረጥበዋል። ከዚያ ሜዳ በላከልኝ የመጨረሻ ደብዳቤ ላይ «አሥራ ሰባተኛዋ አረንጓዴ ነጠብጣብ አላት፤ ስመጣ አሳይሻለሁ» ብሎ ነበር። መጣ፤ ግን ታሞ ነበር፤ ሳያሳየኝ ሄደ። የድንጋዮቹን ሣጥን የከፈትኩት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ቢሮዬ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። እጄ ከእኔ ቀደመ፤ ባልዲ ውስጥ ውሃ ቀድቼ ድንጋዩን ነከርኩት። አረንጓዴውን አየሁት። ከዚያ ያደረግኩት ሲገባኝ ደንግጬ በአንገት ሻርፔ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። በጨርቅ ታፍኖ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቀስ ብሎ ደረቀ። ያ ትልልቅ ጨው እዚያ ነው ያደገው። ከዚያም ሩብ ሰዓት ምን ይጎዳዋል ብዬ ከነሻርፑ ወደ ምድር ቤት ላክሁት።

ጭምቱ ሻርፑን በማግስቱ መለሰልኝ። ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ በአራት ታጥፎ። ሲያቀብለኝ ቀና ብሎ አላየኝም። እኔ ሞኟ ደግሞ ፍቅር መሰለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ አንገቴ ላይ አድርጌው ዞርኩ።

«የሚጨምር አለ?» አሉ ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን እያጠፉ። ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። «የሣጥኑ ኃላፊ አንቺ ነሽ፤ ምን ትያለሽ?»

«የለኝም» አልኩ።

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እንደ ሁልጊዜው የረጋ፣ የአስተማሪ ድምፅ ነበር። ከራሴ ጋር ያጣላኝ እሱ ነው።

*

ቤቴ ውስጥ ከባለቤቴ እናት ጋር ነው የምኖረው። እማማ እላቸዋለሁ። ልጃቸው ሲሞት ማናችንም ሌላ ቤት አልነበረንም፤ አንዳችን ሌላችንን ትተን ለመሄድ ደግሞ ማናችንም አልደፈርንም። የዚያን ዕለት ስገባ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ይተክሉ ነበር።

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ የተጨመቀ ጨርቅ መስሏል።»

«ደክሞኝ ነው እማማ።»

«ድካም አውቃለሁ እኔ፤ ስድስት ልጅ አሳድጌያለሁ። ይሄ ድካም አይደለም።» መርፌውን ወደ ብርሃኑ አዞሩት። «ያ ድንጋይ ጠራቢ ነው?»

«ቆራጭ ነው እማማ። ጠራቢ አይደለም።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ! ለካ ማዕረግ አለው።» ክሩን ሳቡት። «ባለፈው አምፖል ልቀይር ብሎ መጥቶ ስንት ሰዓት እንደፈጀበት ቆጥሬያለሁ። አንድ አምፖል! እኔ በዚህ ጉልበቴ መሰላል ላይ ወጥቼ ሦስት እቀይር ነበር። አንቺም ታች ሆነሽ መሰላሉን ይዘሽለታል፤ መሰላሉ የሚሮጥ ይመስል።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ከፊታቸው ያለው ዝቅተኛ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። ባልዲውን፣ መሳቢያውን፣ ደብዳቤውን። ሲያዳምጡኝ እጃቸው ሥራውን አላቆመም።

«የልጄን ድንጋይ?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«ቀለሙን ልየው ብዬ።»

«እሱ እንደሚያደርገው።»

«እሱ እንደሚያደርገው።»

 ውጪ መንገዱ ላይ አንድ ሰው መኪናውን ለማስነሳት ይታገል ነበር፤ ሞተሩ አስሎ አስሎ ጠፋ።

«ብትናገሪ ምን ይሆናል?» አሉ።

«ሣጥኑ ሦስት ዓመት በኔ እጅ ነበር። አንዱን ካረጠብኩ ሌሎቹን አላረጠብኩም ስል ማን ያምነኛል? ሠላሳ ዘጠኙም ይጣላሉ። የሱ የመጨረሻ ሥራ ነው እማማ። ጭምቱ በጻፈው መንገድ ከሄደ ግን የሚጣለው አንዱ ብቻ ነው።»

«እሱስ?»

«እሱ ከሥራ ይሰናበታል። ከእንግዲህ የትም ላብራቶሪ አይቀጥረውም።»

እማማ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። ሲናገሩ እኔን ሳይሆን መስኮቱን ነበር የሚያዩት።

«ያንን ሰው አልወደውም። ልደብቅሽ አልችልም፤ አልወደውም። ልጄ በተቀመጠበት ሲቀመጥ ማየት አልፈልግም። ደግ ነው፣ ሥራ አዋቂ ነው ብትይኝም ሆዴ እሺ አይልም። ግን ደግሞ ልጄ በሰው ጀርባ ላይ ቆሞ እንዲከበር አልፈልግም። በማልወደው ሰው ጀርባ ላይ ከሆነማ ጭራሽ!»

«እማማ…»

«እኔ ድንጋይ አላውቅም። ሁለት ወር ግን ምን ያህል እንደሆነ አውቃለሁ። ሁለት ወር እንዴት ተኛሽ?»

መልሴን አልጠበቁም። ሸሚዙን አራግፈው ጭናቸው ላይ ዘረጉት፤ እጅጌውን ወደ ውስጥ አጠፉ፤ ኮሌታውን በመዳፋቸው አስተካከሉ። የማን ሸሚዝ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ እኔ ሥራ ስውል፣ የማይለበስ ሸሚዝ ቁልፍ ሲያጠብቁ ኖረዋል። ማልቀስ አማረኝ፤ ግን እሳቸው ሳያለቅሱ እኔ ማልቀስ የምችል አልመሰለኝም።

*

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ወሰድኩ። ጭምቱ ከታገደ ወዲህ ከተማው ዳር ባለ እምነበረድ ቤት የቀን ሥራ እንደሚሠራ ከዘበኛችን ሰምቼ ነበር። ቤቱን ለማግኘት መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ የመጋዙ ጩኸት ከሁለት መንገድ በፊት ይቀበላል። በሩ ላይ ሆዱ ከቀበቶው በላይ የፈሰሰ ሰው፣ የሥራ ቤቱ ባለቤት መሆን አለበት፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል።

«ይግቡ ይግቡ እመቤት! ለኩሽና ነው ለመቃብር?»

«ለሁለቱም አይደለም።»

«እንግዲያው ለደረጃ ነው። እኛ የምንሠራው ሦስት ነገር ነው፦ ሰው የሚበላበት፣ ሰው የሚወጣበት፣ ሰው የሚተኛበት።»

«ሰው ፈልጌ ነው። አዲሱን ቆራጭ።»

ፊቱ በራ። «ያንን! ምን ዓይነት ሰው እንደላኩብኝ አላውቅም። ጠርዙን እንደ መስታወት ነው የሚያወጣው። ታዲያ እሱ አንድ ሲጨርስ ሌሎቹ አራት ይጨርሳሉ። ይውሰዱልኝ ልበልዎት ወይስ ይተዉልኝ፣ እኔም አልገባኝም።» ዞሮ ወደ ውስጥ ጮኸ። «አንተ! እንግዳ አለህ! መጋዙን አጥፋና ፊትህን ታጠብ፤ እንዲህ ሆነህ ሴት ልጅ ፊት አትቀርብም!»

ፊቱን አልታጠበም። ከጓሮ ሲመጣ ከፀጉሩ እስከ ጫማው ነጭ ነበር፤ የዓይን መከላከያው ያረፈበት ቦታ ብቻ ጠይሟል። ሲያየኝ ፊቱ ላይ ደስታ ብልጭ አለ፤ ወዲያው መልሶ አጠፋው። ያንን ደስታ እንዳላየሁት ብሆን ይሻለኝ ነበር።

ጓሮ ወስዶ ተደርድረው በቆሙ የእምነበረድ ሰሌዳዎች መካከል ባለች አግዳሚ ላይ አስቀመጠኝ። እሱ ቆመ። እዚህ ሁሉም ነገር በውሃ ነው የሚቆረጠው፤ ከመጋዞቹ የሚወርደው ነጭ ውሃ በእግራችን ሥር እየሮጠ ወደ ቦዩ ይገባል።

«እዚህ መምጣት አልነበረብዎትም ዶክተር።»

«ያልሠራኸውን ለምን ጻፍክ?»

«እንዳልሠራሁት በምን ያውቃሉ?»

«አትቀልድብኝ።»

«እሺ።» ጓንቱን አወለቀ። «ሻርፑን ስፈታው አወቅኩ። ጨርቁ ላይ የጨው ካርታ ነበረበት፤ ነጭ፣ ዙሪያውን እንደ ባሕር ዳርቻ። እንዲህ የሚሆነው እርጥብ ድንጋይ ሲጠቀለልበት ነው። ስለዚህ አጠብኩት።»

«ማስረጃውን አጠብከው።»

«ሻርፕ ነው ያጠብኩት።»

«ለምን ያን ጊዜ አልነገርከኝም? ገና ሳይቆረጥ? ገና ሳይታተም?»

«የሚያውቁ መስሎኝ ነበር። እርስዎ ዶክተር ነዎት፣ እኔ ቆራጭ ነኝ። የምትሠራውን ታውቃለች አልኩ። በኋላ ታትሞ ሳየው እንዳልተናገሩ ገባኝ። ያን ጊዜ ደግሞ ረፍዷል።»

ጣቶቹን እያየሁ ነበር የምናገረው፤ ዓይኑን ማየት አልቻልኩም።

«ነገ እናገራለሁ» አልኩ።

«አይናገሩም። ሠላሳ ዘጠኝ ድንጋይ አለ! ባለቤትዎ ለእያንዳንዱ ስንት ቀን በዚያ ፀሐይ እንደሄዱ አውቃለሁ፤ ነግረውኛል። ብርሃን የሚያሳልፈውን ስስ ቁራጭ ማውጣት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሌላው ሁሉ ‹አንተ› ብሎ ሲጠራኝ እሳቸው በስሜ ይጠሩኝ ነበር። የቆረጥኩት ድንጋይ የተለጠፈበት መስታወት ጀርባ ላይ ስሜን ይጽፉ ነበር። ‹ይሄን ያየ ሰው ማን እንደቆረጠው ይወቅ› ይላሉ። የእሳቸውን ሥራ በእኔ ምክንያት አያስጥሉትም።»

«በአንተ ምክንያት አይደለም፤ በእኔ ምክንያት ነው። ደግሞ አታውቅም፤ ሁሉንም አታውቅም።» አሁን ካልተናገርኩት ለዘላለም እንደማልናገረው አወቅኩ። «ክሱ ባንተ ላይ ሲመጣ እኔ ምን እንዳልኩ ታውቃለህ? ምናልባት እሱም በውሃ ቆርጦት ይሆናል አልኩ። ለራሴ። ሁለት ወር ሙሉ። የቆረጥከው ቁራጭ በእጄ ነበር፤ ዘይት ዘይት ይሸት ነበር፤ እየሸተተኝ እንዲህ አልኩ። አንተ እንድትሆን ተመኘሁ። ሰው የሚወደውን ሰው ጥፋተኛ ይሁንልኝ ብሎ ይመኛል? እኔ ተመኘሁ።»

የሚወደውን ያልኩት ሳላስበው ነው። ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው ለሁለታችንም የተሰማን። አጠገባችን ያለው መጋዝ ድንገት ቆመ፤ ጸጥታው ጆሮ ይጎዳ ነበር።

ጭምቱ አግዳሚው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ጓንቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ሲናገር መሬቱን እያየ ነበር።

«እኔም አንድ ነገር ልንገርሽ» አለ። እርስዎ ማለቱን መተዉን እሱ ራሱ ያስተዋለ አልመሰለኝም። «ዝም ያልኩት ለእሳቸው ብዬ ነው ብያለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን… ይሄን ከተሸከምኩልሽ የትም አትሄጂም ብዬ ነው። አምፖል በቀየርኩ በማግስቱ እንኳ ደረጃው ላይ ስታልፊ ደህና ዋልክ ብለሽኝ የምትሄጂ ሰው ነሽ። እኔ ምድር ቤት፣ አንቺ ሦስተኛ ፎቅ። ከዚህ በኋላ ግን አልፈሽኝ መሄድ አትችይም፤ ባየሽኝ ቁጥር ትቆሚያለሽ አልኩ። እንድትታሰሪ ፈለግኩ። ደግነት እንዳይመስልሽ።»

«መስሎኝ ነበር።»

«አውቃለሁ። ሲመስልሽ እያየሁ ዝም አልኩ። እሱ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል።»

 የእምነበረድ ቤቱ ባለቤት ከበሩ አንገቱን አስግጎ፣ «እናንተ ሰዎች ሐዘን ላይ ናችሁ ወይስ ዋጋ እየተከራከራችሁ ነው? ሰሌዳው እየጠበቀ ነው!» አለ። ጭምቱ ተነሳ። ጓንቱን መጀመሪያ ያጠለቀው በተሳሳተው እጁ ነበር፤ የሚሊሜትር አንድ ሠላሳኛ የሆነ ድንጋይ ሳይሰብር የሚይዝ ሰው።

«አትናገሪ» አለኝ። «ዛሬ የነገርሽኝ ይበቃኛል።»

ወደ ቤት ስሄድ አውቶቡሱ ውስጥ መቀመጫ ነበር። አልተቀመጥኩም። መቀመጥ የሚገባኝ አልመሰለኝም።

*

ረቡዕ ኮሚቴው አራት ሰዓት ላይ ተቀመጠ። ፕሮፌሰሩ፣ የኬሚስትሪዋ፣ ከአስተዳደር የመጣች መነጽር ያደረገች ሴት። ጭምቱ የታጠበና የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጧል። ጆሮው ጀርባ ገና ነጭ አቧራ ነበረ። ወረቀቱ ከፊቱ ተዘርግቷል፤ እስኪርቢቶውን አንስቷል።

«ከመፈረሙ በፊት» አልኩ።

«ዶክተር፣ ይተዉት» አለ ጭምቱ።

«ድንጋዩን ያረጠብኩት እኔ ነኝ።»

የኬሚስትሪዋ ሳቀች፤ ቀልድ መስሏት። ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋን መሐል ላይ ተወችው። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ባልዲውን፣ ሩብ ሰዓቱን፣ ሁለቱን ሳምንት። በሙያው ቋንቋ ነበር የምናገረው፤ ጨው፣ መሟሟት፣ የፍሬ መጠን። በዚያ ቋንቋ ስናገረው ሰው የገደልኩ ያህል አይከብድም። ለምን እንዳረጠብኩት ሲጠይቁኝ ነው ቋንቋው ያለቀብኝ።

«ባለቤቴ አሳይሻለሁ ብሎኝ ነበር» አልኩ።

ጠረጴዛው ላይ ማንም ክንዱን አላስደገፈም፤ ብርጭቆዎቹ ጸጥ ብለዋል። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ። የባለቤቴ አስተማሪ ነበሩ፤ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ናቸው።

«ሌሎቹን ሠላሳ ዘጠኙን?»

«አልነካኋቸውም።»

«ይህን የምናውቀው በምንድን ነው?»

«በቃሌ።»

«ቃልሽ» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። «ሰኞ እዚህ ወንበር ላይ ሆኜ ጠይቄሻለሁ። ምን አልሽኝ?»

«የለኝም አልኩ።»

«እንግዲህ።»

በአንድ ሰዓት ውስጥ ተጨረሰ። ሣጥኑ ታሸገ፤ ሠላሳ ዘጠኙም ድንጋይ ለጥናት እንደማይበቁ ተጻፈ። ጽሑፋችን እንዲሰረዝ ተወሰነ፤ ስረዛው የባለቤቴን ስም ይዞ ይወጣል። እኔ ለአንድ ዓመት ከምርምር ታገድኩ፤ ማስተማሩ ተተወልኝ። ጭምቱ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ሐሰት ስለጻፈ ግን ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል። የአስተዳደሯ ሴት ሁሉንም በጥሩ እጅ ጽሑፍ መዘገበችው። እኔ ላይኛው መስመር ላይ ፈረምኩ።

ስወጣ ኮሪደሩ ባዶ ነበር። ተማሪዎች ክፍል ገብተዋል፤ ከአንዱ በር ጀርባ የመምህር ድምፅ ይሰማል። ግድግዳው ጥግ ያለችው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ከዚህ በኋላ በምን እንደሚታወስ አሰብኩ። በየመጽሔቱ ጥግ፣ በትንሽ ፊደል፣ «ተሰርዟል» ተብሎ። ለእማማ እንዴት እንደምነግራቸው አሰብኩ። ንገሪ ያሉኝ እሳቸው ናቸው፤ ያም ቢሆን ሲሰሙት ፊታቸው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ባለቤቴን ሁለት ጊዜ የቀበርኩት መሰለኝ። ሁለተኛውን ብቻዬን።

ጭምቱ ወጣ። በሩን በቀስታ ዘጋው። ወደ ደረጃው፣ ወደ ምድር ቤቱ፣ ወደ መጋዙ ይሄዳል ብዬ ጠበቅኩ፤ መሄድም ይገባው ነበር። ጥቂት ቆመና ወደ አግዳሚው መጣ።

«ሁሉንም ዘጉት» አለ።

«አዎ።»

«አትናገሪ ብዬሽ ነበር።»

«ሰምቼሃለሁ።»

«አሁን ለእኔ የተሸከምሽው ነገር የለም፤ እኔም ላንቺ የተሸከምኩት የለም። ልትሄጂ ትችያለሽ። ደረጃው ላይ ካየሽኝ ደህና ዋልክ ብለሽኝ ማለፍ ትችያለሽ።»

«አንተም ትችላለህ።»

«እኔም እችላለሁ።»

ይቅርታ አልጠየቅኩትም፤ ቃሉ አፌ ውስጥ በጣም ትንሽ ሆነብኝ። እሱም ይቅር ብዬሻለሁ አላለኝም፤ ቢለኝ አላምነውም ነበር። ከዚያ ተቀመጠ። አጠገቤ አይደለም። በመካከላችን አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ነበር፤ ማን እንደሚቀመጥበት ሁለታችንም እናውቃለን። ወደዚያ ቦታ እጁን አልዘረጋም፤ እኔም አልተጠጋሁም።

እንባዬ የመጣው ያን ጊዜ ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በቀን ብርሃን፣ ሰው በሚያልፍበት ኮሪደር ላይ። ለማን እንደማለቅስ ለይቼ አላውቀውም። ጭምቱ አልዞረም፤ አይዞሽም አላለኝም። ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እንደ ዘመድ ዝም ብሎ ተቀመጠልኝ። የክፍል መውጫው ደወል እስኪደወል፣ ተማሪዎቹ ከየበሩ ፈስሰው በፊታችን እየሳቁ እስኪያልፉ ድረስ፣ ማናችንም አልተነሳንም።